የገዘቱኝ አረቄ ነው

ዛሬ ከጊዮርጊስ ስድስት ኪሎ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ ጉልበቴን ላሳይ ብዬ በሩን በኃይል ወረወርኩት። ከኋላዬ የነበረው ጎልማሳ በድምፁ ደንግጦ ወንበር ሥር ተደፋ። እህቱ ክንዱን ይዛ አነሳችው።

«አይዞህ ወንድምዓለም፣ በር እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አሁን ደግሞ መጠጥ አማረኝ።»

«የንስሐ አባትህ አረቄ እንዳትቀምስ ገዘቱህ አይደል እንዴ?»

«የገዘቱኝ አረቄ ነው። የቢራን ስም አልጠሩም።»

«ወይ አንተ! ሐኪሟስ ምን አለች?»

«የጦር ሜዳው ድንጋጤና የመጠጡ አምሮት ጭንቅላቴ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው አለች። አንዱ ሲባንን ሌላውን ይቀሰቅሰዋል።»

«ታዲያ ሁለቱንም አብራ ታክማቸዋለቻ!»

«እንደሱ ብላለች። እኔ ግን ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«መጠጡን ስተው፣ ከሞቱት ጓደኞቼ ጋር ብቻዬን ልቀር ነዋ።»

«እኔ የት ሄጄ?»

ታክሲው ግሮሰሪውን አልፎ የሐኪሟ ክሊኒክ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ያለው እሱ ነው።

እኔም ሰካራም እያልኩ ፊቴን የማዞርበት አንድ ጎረቤቴ፣ ያ የድሮ ወታደር፣ ትዝ አለኝ፤ የስንት ዓመት «እንደምን አደሩ» ዕዳ አለብኝ።