ዝቅ ያለው ኮርኒስ

ከዱብቲ ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላለው የማታውቀው ሰውዬ ስለ ቤቷ ታወራለች።

«የቀበሌ ቤታችንን አደሱልን። ኮርኒሱን ግን ከመጠን በላይ ዝቅ አድርገው ሠሩትና፣ ቬንትሌተሩ የሰው ፀጉር ሊያበጥር ምንም አልቀረው።»

«አጥፉዋ!»

«በዚህ ሙቀት? ወንድሜ፣ ለአገሩ እንግዳ ነህ እንዴ?»

«ተቆጣጣሪ አልነበረውም?»

«ነበረው እንጂ። መጣ፣ ቬንትሌተሩ ስር ቆመ፣ ‹አይነካም› ብሎ ፈረመ። እሱ እኮ እኔ ትከሻ ጋ አይደርስም!»

«ኮንትራክተሩንስ ማን መረጠው?»

«የነዋሪው ኮሚቴ።»

«ሰብሳቢው ማነው?»

«ባሌ።»

ሰውየው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ባልሽም አጭር ነው?»

«ኧረ የሰፈሩ ረጅም እሱ ነው! መጀመሪያ የተመታውም እሱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኑን አላገኘውም።»

«አሁን ሰመራ የምትሄጂው አቤት ልትይ ነው?»

«አዎ። የጎረቤቶቼንም ቤት ለዚሁ ኮንትራክተር ሊሰጡት ነው። ሳይጀምር ላስቆመው።»

«እንግዲያው ባልሽን ይዘሽው ብትመጪ ጥሩ ነበር።»

«መጥቷል እኮ! ግን እሱ የሚሄደው ሥራው ጥሩ ነው ብሎ ሊመሰክር ነው። ‹ራሴ የመረጥኩትን ሰው አይረባም ካልኩ አገር ይስቅብኛል› ይላል።»

«የት አለ ታዲያ?»

«ኋላ ወንበር። ተኳርፈናል።»

ቀስ ብዬ ዞር ስል ግንባሩን በነጭ ፋሻ የጠመጠመ ረጅም ሰው አየሁና፣ ሳቄ ሳያመልጠኝ ቶሎ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።