በሶ ውስጥ የገባው ኪኒን

በደርግ ጊዜ ነው። ከሞጣ ወደ ቢቸና በላንድሮቨር ተጣበን ስንሄድ፣ ከፊቴ አንዲት እናት አጠገባቸው ከተቀመጠው የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጋር ወሬ ያዙ።

«ልጄ ሯጭ ነው። ነገ ከቢቸና ተነስቶ ሞስኮ ሊሮጥ ይሄዳል። ጉንፋን ስለያዘው በሶ በማር አሽቼ ይዤለት ነው።»

«ደግ አደረጉ፣ እማማ።»

«ኪኒንም አለበት። ሰሞኑን ቤት መጥቶ ሳለ አልውጥም ብሎ ስላስቸገረኝ ወቅጬ ከበሶው ጋር አሸሁት።»

«የምን ኪኒን?»

«የጉንፋን ነዋ። እናንተው ጤና ጣቢያ የሰጣችሁኝ።»

«እሱንማ እንዳይሰጡት። ከሩጫው በኋላ ሽንቱን ይመረምሩታል። አንዳንዱ የጉንፋን መድኃኒት ደግሞ ሽንት ላይ ሲታይ፣ ጉልበት የሚጨምር ነገር የወሰደ ያስመስላል። ቢያሸንፍም ይሰርዙታል።»

«ሰው የሚሮጠው በእግሩ አይደል እንዴ?»

«ሕጉ ነው፣ እማማ።»

«እኔ አፍንጫውን እንጂ እግሩን መቼ አከምኩ?»

«ሽንቱ ይህን አያስረዳልዎትም።»

እናት የበሶውን ቋጠሮ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አልውጥም ያለው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔ ጥጋብ መስሎኝ ስንት ሰደብኩት።»

«ዝንጅብል በማር ይስጡት፣ ይበቃዋል።»

«ታዲያ ይሄን የመሰለ በሶ ልድፋው?»

ሾፌሩ ዞር ሳይል ተናገረ፦

«እዚህ መኪና ውስጥ ሞስኮ የሚሮጥ የለም፣ እማማ።»

እሳቸውም ቋጠሮውን ሲፈቱ፣ መናኸሪያ ወንበር ለመያዝ ካልሆነ በቀር ሮጬ የማላውቀው እኔ፣ ንፍጤን በጋቢዬ ጠርጌ ከሁሉም ቀድሜ መዳፌን ዘረጋሁ።