ማንም ያላዘዘው ጋቢ

አቶ ኤርጫፎ ቅዳሜ ከሰዓት ከዶርዜ ወደ ከተማ የወረዱት ለልጃቸው ቆጮ ሊያደርሱ ነበር። ሲቀላ ገበያ ጀርባ፣ በሸማኔዎች መጠለያ በኩል ሲያልፉ ግን ቆም አሉ። አርባ ዓመት በሽመና የኖረ ሰው የመወርወሪያ ድምፅ ሰምቶ እንዲሁ አያልፍም፤ ለዚያውም እንዲህ የሚንገዳገድ መወርወሪያ! «የማን ጀማሪ ይሆን?» ብለው ብቅ ቢሉ፣ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ የተቀመጠው የገዛ ልጃቸው ይፍሩ ነው። ባለዲግሪው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያው ይፍሩ!

«ከሥራ አባረሩህ?» አሉ በድንጋጤ።

«ኧረ አባባ፣ ማንም አላባረረኝም!» አለ ይፍሩ ብድግ ብሎ እጃቸውን እየሳመ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል እሠራለሁ። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«ደስ ስለሚልህ! እኔ እግሬን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሬ ያስተማርኩህ አንተ እንድትወጣ አልነበረም? ‹የሸማኔ ልጅ› ብለው ሲንቁህ እንዳላይ! ይኸው ተመልሰህ ገባህበት። ልፋቴን ገደል ከተትከው እኮ!»

እውነቱን እንናገር፣ ምስኪኑ ሽማግሌ በዕድሜያቸው የሚኮሩበት ነገር ቢኖር የዚህ ልጅ መማር ብቻ ነበር።

«ልፋትዎን እንዴት እረሳለሁ? ግን ይስሙኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ አንዱን ስጨርስ ሌላ ይመጣል። ቤት ስገባ ለልጆቼ የሚተርፋቸው ቁጣዬ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ማርያም ራሷ ‹ምን ነካህ?› እስክትለኝ ድረስ። እዚህ ተቀምጬ አንድ ክንድ ስሠራ ግን የሠራሁትን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ቤቴም እየሳቅኩ እገባለሁ።»

«ጊዜውንስ ከየት አመጣኸው?»

«ቅዳሜን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር የማሳልፈው። ስልኩን ቤት ትቼ ብወጣ፣ ጊዜው ለካ እዚያው ነበር።»

«ለመሆኑ ይህን ጋቢ ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ልትሸጠው ነው?»

«አልሸጠውም።»

«ወይ ጉድ! እጅ የተሰጠን ለሆድ ነው፣ ልጄ።»

«ለሆድ ብቻ? በአርባ ዓመት ውስጥ በልብዎ አይተውት፣ ያዘዘ ስለሌለ ብቻ ያልሠሩት ጥለት የለም?»

አቶ ኤርጫፎ ወደ ዶርዜ ተራራ ቀና ብለው አዩ። ነበረ እንጂ! ከዶርዜ አፋፍ ቁልቁል ሲታይ የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ የጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ጎን ለጎን ይታያሉ። ጠዋት ጠዋት እሱን እያዩ «ይህን ጥለት ባደርገው» ይሉ ነበር። ገበያው የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፤ «ሥራ ቀለል ሲልልኝ» እያሉ ዓይናቸው ደከመ። ሥራ መቼም ለማንም ቀለል ብሎለት አያውቅም። የወደደውን ለመሥራት ሥራ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው፣ ሥራው ሳያልቅ ጉልበቱ ያልቃል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቆንጥሮ ለእጁ ደስታ የሰጠ ግን ለቢሮውም ለቤቱም የሚበቃ ልብ ይዞ ይመለሳል።

«አንድ ነበረ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸው ጨርቁ ላይ አረፈ። «አንተ! ዳሩን አጠበብከው እኮ፤ የምትወረውረውን ማግ እንዲህ አይጎትቱም! ዞር በልልኝ እስቲ።»

ገብተው ተቀመጡ። መወርወሪያው በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ሲል ይፍሩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ለሚመጣው ቅዳሜ ቀይና ሰማያዊ ፈትል ገዝተህ ጠብቀኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቀለሙን አንተ ትለይልኛለህ፤ እኔ ዓይኔ እንቢ ብሎኛል።»

«እሺ አባባ። ለማን ልንሠራ ነው?»

አቶ ኤርጫፎ ስንት መቶ ጋቢ ሠርተው እንዲህ ብለው አያውቁም።

«ለእኔ» አሉ።