በወረቀት የሚለካ እንባ

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ስሄድ፣ የደሴው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ጠና ያሉ ሴትና ጥቁር መነጽር ያደረገች ወጣት ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። ወሬውን የጀመሩት ሴትዮዋ ናቸው።

«ዓይንሽን ምን ነካው ልጄ?»

«ድርቀት ነው እማማ። እንባ የለሽም አሉኝ።»

«እንባ የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

«ይለኩታል እኮ። ቀጭን ወረቀት ከታችኛው የዓይን ቆብ ሥር ያስገቡና አምስት ደቂቃ ጨፍኚ ይላሉ። ከዚያ ምን ያህል እንደራሰ ያያሉ። የኔ እንደደረቀ ወጣ። ዛሬ ደግሞ የሰጡኝ የዓይን ጠብታ ለውጥ ማምጣቱን ሊያዩ ደሴ ድጋሚ ይለኩኛል።»

«ጉድ ነው!»

«ጉዱስ የአማቴ ለቅሶ ላይ ነበር። እንባ እምቢ ሲለኝ ነጠላዬን በምራቄ አርሼ ጉንጬን አበስኩ። የባሌ አክስት አየችኝ። እስካሁን ቀና ብዬ አላያትም።»

«አብሽሪ። ግን ይቆጠቁጥሽ ነበር?»

«አሸዋ የገባበት ያህል።»

«ምራቴም እንዲሁ ትል ነበር፤ ሰበብ መሰለኝ። ልጄ ሲሞት አንዲት ዘለላ አጣሁባት። ደስ ብሎሽ ነው ብዬ በለቀስተኛው ፊት ከድንኳኑ አስወጣኋት።»

«አሁን የት ናት?»

«ከላላ፣ እናቷ ቤት። ሦስት ዓመቷ።»

«ይደውሉላት እንጂ! ትመርመር።»

«ደረቅ ቢወጣ እኔ ምን ፊት አለኝ?»

«ዓይኗስ እማማ?»

«እንቺ ስልኩን፣ አንቺ ደውይላት። የኔን ድምፅ ከሰማች ትዘጋዋለች።»

ስልኩ እየጠራ መውረጃዬ ደረሰ፤ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ አለፍኩት።