ስለሺ ሪጀንት ፓርክ ለምን ሄደ?

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ፣ የልጄን መጻሕፍት ልመልስ በሰፈራችን በስካርቦሮ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ብገባ፣ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከአንዲት ወጣት ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ አረጋውያንን በመኪና ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ወጣቷ ሔርሞን ትባላለች፤ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት።

"እንኳን መጣህ፤ ተቀመጥና ፍረድ" አሉኝ። "ይቺን ልጅ የጉዞ መመዝገቢያ ፕሮግራማችንን አይተሽ አሻሽዪ ብንላት፣ አፍርሳ ልትሠራው ነው። ስለሺን ለማዳን ይመስለኛል።"

ነገሩን ሰምቼዋለሁ። ሾፌሩ ስለሺ ወይዘሮ ወለተማርያምን ለኩላሊት እጥበት ሊወስድ ሪጀንት ፓርክ ወደሚባለው የቀድሞ ሰፈራቸው ሄደ። እሳቸው ግን ወደ ስካርቦሮ ተዛውረዋል። ደጅ ቆመው ብርድ ሲመታቸው ቆይተው ሕክምናው አመለጣቸው፤ በማግሥቱ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ስለሺ "ስልኬ ላይ የመጣልኝ አድራሻ ሪጀንት ፓርክ ነው" ቢልም ያመነው የለም። አዲሱን አድራሻ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ራሳቸው ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብተውታላ! ሊያሰናብቱት ቆርጠዋል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰውየውን አላውቀውም" አለች ሔርሞን።

"ታዲያ ምርጫዬን ለምን ትነቅፊያለሽ? ሠንጠረዥ አልፈልግም ብዬ ነው ኖን ሪሌሽናል የሚሉትን፣ መረጃን ያለ ሠንጠረዥ የሚያስቀምጠውን ያሠራሁት። እዚህ አገር ስሜን በየሠንጠረዡ ሳጥን ከፋፍለው፣ ሐኪም ቤት በገባሁ ቁጥር 'ሚስተር ክርስቶስ' ይሉኛል። ይሄኛው ሁሉን እንዳመጣጡ ይቀበላል።"

"ችግሩም እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱን ጉዞ ለብቻው ሰነድ አድርጎ፣ አድራሻውን በየሰነዱ ይገለብጠዋል። እማማ ወለተማርያም ቤት ሲቀይሩ ጉዞዎቻቸው አስቀድመው ተይዘው ነበር?"

"የዓመቱ በሙሉ።"

ላፕቶፗን አዞረችላቸው። በወይዘሮ ወለተማርያም ስም ሥር ስካርቦሮ ይላል፤ ቀድመው የተያዙት ጉዞዎች ግን ሁሉም ሪጀንት ፓርክ ይላሉ።

"ዛሬ አንቺ ቀይረሽው ቢሆንስ?"

"አይመኑኝ። ራስዎ ይሞክሩት።"

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ መነጽራቸውን አደረጉ። በራሳቸው ስም አንድ ጉዞ ያዙ፤ ከዚያ አድራሻቸውን ኢቶቢኮ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ለወጡ። የጉዞው አድራሻ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ሞከሩት። ያው ነው።

"በሪሌሽናል ዳታቤዝ፣ በባለ ሠንጠረዡ የመረጃ ቋት" አለች ሔርሞን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው በአንድ ሠንጠረዥ፣ ጉዞ በሌላ ይቀመጣል። ጉዞው አድራሻ አይገለብጥም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ይጠቁማል። አንድ ቦታ ሲታረም ለሾፌሩም የታረመው ይደርሰዋል።"

"ስሜስ?"

"ሙሉ ስምዎ በአንድ ቦታ ይጻፋል። ስምዎን የቆራረጠው የኛን ስም የማያውቅ ሰው ነው፤ ሠንጠረዡማ ምን አደረገ?"

"ያኛው ኖን ሪሌሽናሉ ታዲያ ለምንም አይሆንም?" አልኳት እኔ።

"ይሆናል እንጂ። የአረጋውያኑን ትዝታ በድምፅ፣ በፎቶ፣ በጽሑፍ ብንሰበስብ፣ የአንዱ ከሌላው ስለማይመሳሰል እሱን እመርጥ ነበር። ለጉዞም በጥንቃቄ ቢሠራ ይቻላል፤ ግን ጥንቃቄው ሁሉ በሠሪው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

"ስለሺ፣ ገብረ ክርስቶስ ነኝ። እውነትህን ነበር። በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ።"

ዛሬ አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ላይ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር አንድ እርማት ይበቃል፤ በሽተኛ ደጅ ላይ አይቀርም፤ ሾፌርም ባላጠፋው አይጠረጠርም። ያን ቀን ግን ስለሺ በስልኩ ውስጥ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

"ሰኞ እማማን ማን ይወስዳቸዋል?"