ከላይኛው አልጋ የረገፈ ሰጋቱራ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ መምህርቷ ወደ አጎቷ የእንጨት ሥራ ቤት ባልገባች ነበር። በሙያ ትምህርት ቤት አናጢነት ማስተማር ከጀመረች ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ስለሚጨቃጨቁ፣ በዚያ ማለፉን ትታዋለች። ዝናብ ግን የተኳረፈንም ሰው አንድ ጣሪያ ስር ያስገባል።

ሰፈሩ «ዓይነ ሚዛን» የሚላቸው ሽማግሌው አናጢ አጎቷ ባንድ ሶው በሚሉት የእንጨት መቁረጫ ማሽን ላይ ነበሩ። እየተሽከረከረ የሚወርደው ቀጭን ምላጭ ከአውራ ጣታቸው አጠገብ ይጮኻል። የሚቆርጡት ምላስ ነው፤ የእንጨቱ ጫፍ ከሁለት ጎኑ ተቀንሶ በሌላው እንጨት ጉድጓድ የሚሰካው ክፍል። መምሪያቸው ያው አውራ ጣታቸው ነው፤ አባታቸውም የሚቆርጡት እንዲሁ ነበር።

ጥጉ ላይ ተደራቢ አልጋ ቆሟል። መሰላሉ ብቻ ቀርቶታል። ዛሬ ልጃቸው መጥታ ስትወስደው፣ ትልቋ የልጅ ልጃቸው ከላይ፣ ታናሿ ከታች ሊተኙበት ነው።

መምህርቷ ማሽኑ እስኪቆም ጠብቃ፣ «እንደምን ዋሉ ጋሼ? ጣትዎን በቦታው ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል» አለች።

«ጣቴማ ከዚህ ምላጭ ጋር ሲኖር አንቺ አልተወለድሽም። ለሟርት ከሆነ የመጣሽው፣ ዝናቡ ይሻልሻል።»

እሷ ግን አልጋውን ትመረምር ነበር። «ምላሱና ጉድጓዱ መሀል ያለው ምንድን ነው?»

«ኮላና ሰጋቱራ። ትንሽ ሰፋ ቢልብኝ ሞላሁት። ያላደረገው አናጢ የለም።»

«ሁሉም ስላደረገው ክፍተቱ እንጨት አይሆንም፣ ጋሼ። ኮላ የሚይዘው እንጨት ከእንጨት ገጥሞ ሲጣበቅ ነው። ይሄ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ መወዝወዝ ነው።»

«ወንበሬ የሌለበት ቤት የለም። በእኔ ወንበር የተጎዳ ሰው ካለ ጥሪልኝ።»

«ወንበር ቢሰበር ሰው መሬት ላይ ነው የሚወድቀው። ይሄ ቢሰበር ግን ትልቋ የምትወድቀው ታናሿ ላይ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ሰው ባረጀበት ሙያ ስህተቱን ሲነግሩት የሚቆጣው ነገሩ ስላልገባው አይደለም፤ አንዱን ካመነ ያለፈውን ሁሉ ሊጠራጠር ስለሆነ ነው። ውጪ ዝናቡ ቆሟል፤ መምህርቷ ግን አልሄደችም።

«እንግዲያው ልለምንዎ። ልጅቷ ሳትተኛበት እርስዎ ይተኙበት።»

በእልህ ጫማቸውን አውልቀው የታችኛውን አልጋ እየረገጡ ወጡና ተጋደሙ። «ይኸው። ምን ሆነ?»

«ገልበጥ ይበሉ እስቲ። ልጅ ዝም ብሎ አይተኛም።»

ገልበጥ አሉ። ከትከሻቸው ስር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ያንን ድምፅ ሊክዱት አልቻሉም። በርብራቡ መሀል ቁልቁል ቢያዩ፣ የታናሿ ራስ በሚያርፍበት ቦታ ሰጋቱራ ረግፏል። ለመውረድ ፈሩ፤ መፍራታቸውን እሷ ስላየች ደግሞ አፈሩ።

«ያዢልኝ» አሉ ቀስ ብለው።

እስኪወርዱ የአልጋውን እግር በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባበቃ ነበር።

«አሳዪኝ» አሉ ጫማቸውን እያሰሩ። «ግን እንደ ተማሪዎችሽ አትቆጪኝ።»

እንጨቱ ተደግፎበት በልኩ እንዲቆረጥ ቀጥ ያለ ጣውላ ከምላጩ ጎን በሞርሳ አጠበቀች። እንጨቱ ከሚፈለገው በላይ ዘልቆ እንዳይቆረጥም ከኋላ ማቆሚያ አሰረች።

«ስታስሪና ስትፈቺ ሊመሽ ነው እኮ።»

«የሚታሰረው አንዴ ነው፣ ጋሼ። ከዚያ ምላሱ ሁሉ እኩል ይወጣል። ቀን የሚፈጀው እያንዳንዱን በመሮ ማስተካከሉ ነው። መጀመሪያ ግን በቁራጭ እንሞክር።»

ቁራጩን በጣቷ ሳይሆን በሌላ እንጨት እየገፋች አንዱን ጎን ቆረጠች፤ ገልብጣም ሌላውን። ምላሱ ከእንጨቱ የሚነሳበትን ትከሻ ቆርጣ፣ ጉድጓድ ባለው ሌላ ቁራጭ ስትሰካው አልገባም። ሽማግሌው መዶሻ አነሱ።

«መዶሻውን ይተዉት። በግድ የገባ ጉድጓዱን ይሰነጥቃል።» ጣውላውን ወደ ምላጩ በጣም ጥቂት አስጠግታ ሌላ ቁራጭ ቆረጠች። ይሄኛው በእጅ ግፊት ገባ። ሽማግሌው ተቀብለው ቁልቁል ዘቀዘቁት፤ አልወደቀም።

«ኮላ የለውም?»

«የለውም።»

ልጃቸው አልጋውን ልትወስድ ስትመጣ፣ ዓይነ ሚዛን በገዛ አፋቸው፣ «ዛሬ ልጆቹ መሬት ይተኙ። ከሠራሁት አልጋ መሬቱ ይታመናል» አሏት። ይህን ማለት ከላይ ከመውረዱ ይከብዳል።

አልጋውን ፈተው የላሉትን ምላሶች በአዲስ እንጨት እንደገና ሠሩ። ጥቅሙን ራሳቸው አዩት፦ መሮው ሥራ ፈታ፣ እንጨት ሳይባክን ቀረ፣ ጣታቸውም ከምላጩ ራቀ። ዓይን ቢሠለጥንም ይደክማል፤ በደንብ የታሰረ ጣውላ ግን ጧት የያዘውን ልክ ማታም አይስትም። አሁን ዓይናቸውን የሚያደንቅ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ዓይንማ እንጨት ለመምረጥ ነው» ይሉታል።

አልጋው ልጃቸው ቤት በቆመ ቀን መጀመሪያ እሳቸው ወጥተው ተገላበጡ። ከዚያ ትልቋ ስትወጣ፣ ከተኛችው ታናሿ ራስ በላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆዩ።

«አባባ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አለች ታናሿ።

ትልቋ ከላይ እስኪበቃት ተንከባለለች። መዳፋቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት፤ ሰጋቱራ አልረገፈበትም፣ ንጹሕ ነበር።