ትርፍ የተባለችው ብረት

ዳንግላ ላይ የጭነት መኪናዬ የሞተር የፊት ክዳን ተሰነጠቀና ከአስመራ አዲስ መጣልኝ፤ የፋብሪካው ሳይሆን አስመስለው የሠሩት ነው። መካኒኩ ጋሽ ተሰማ ሲያገላብጡት፣ አሮጌው ላይ ያልነበረች ጣት የምታህል ብረት ወጥታበታለች።

«ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ብረት ተርፏቸው ነው» ብለው በመጋዝ ቆረጧት።

ክዳኑ ተገጥሞ ሞተሩ ቢነሳም፣ እየተንተፋተፈ ይጠፋል። ጫግኒ ጭነቱን የሚጠብቁ ነጋዴዎች አሉብኝ። ጋሽ ተሰማ እሳቱ የሚፈነጥቅበትን ጊዜ ሊያስተካክሉ ጎንበስ አሉ። ከክዳኑ ፊት በሚሽከረከረው ፑሊ ላይ ያለውን የጊዜ ምልክት ጭረት አገኙት፤ ክዳኑ ላይ ከምን ጋር እንደሚያገጥሙት ግን ጠፋቸው።

«አሮጌው ላይ ተቀርጾ የነበረውን ጠቋሚ እነዚህ ሰዎች ረስተውታል!» ብለው ተቆጡ።

«ጋሼ፣ ያቺ የቆረጧት ትሆን እንዴ?»

«ታዲያ ስቆርጣት ምን አፍህን ያዘህ?» አሉኝ።

የሞተሩን ድምፅ በጆሯቸው እያዳመጡ አስተካከሉልኝና ጫግኒ ገባሁ። ስመለስ ግን ዳንግላ ሁሉ ጠቋሚዋን ያስቆረጠው ሾፌር እኔ መሆኔን ከጋሽ ተሰማ ሰምቶ ጠበቀኝ።